ባለ ሐረግ ሽጉጥ ምን ዓይነት እጀታ ይስማማዋል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የአያቴ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ በአባቴ በኩል ለእኔ ደርሷል፤ ፈቃድም አለው። ብረቱ በኒኬል የተለበጠ ነው፤ ከአፈሙዙ ሥር እስከ ጎራሹ ድረስ ሐረግ ተቀርጾበታል። እጀታው ነጭ ነው፤ የግራ ጎኑን የሚሸፍነው ገበታ ለሁለት ተሰንጥቋል። አንድ ሰው «የዝሆን ጥርስ አገኝልሃለሁ» ይለኛል። ልጄ ደግሞ የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ከውጭ ላስመጣልህ ይላል። የትኛው ይሻለኛል? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት የተሰነጠቀውን ገበታ እንዳይጥሉት። በወረቀት ጠቅልለው ከሽጉጡ ጋር ያኑሩት፤ አዲሱ የሚሠራው በእሱ ልክ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ቴዎድሮስ የላከችው ሽጉጥ እጀታው ላይ ጽሑፍ የተቀረጸበት የብር ሰሌዳ ነበረው፤ የዕቃው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ከገበታው ጀርባ ስም ወይም ቁጥር ተጭሮበት እንደሆነም ይዩ።

ቀጥሎ ነጩ ነገር ምን እንደሆነ ይለዩ። ጎራሹ ባዶ መሆኑን ደጋግመው አረጋግጠው ብሎኑን ይፍቱ። ገበታውን ወደ ፀሐይ አውጥተው ከታች፣ ተረከዙ ላይ ያለውን የተቆረጠ ፊት በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። የዝሆን ጥርስ ከሆነ ቀጫጭን መስመሮች ግራና ቀኝ እየተሻገሩ መረብ ሠርተው ይታያሉ። አጥንት ከሆነ ጥቃቅን ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦችና አጫጭር ጭረቶች አሉት፤ በሕይወት ሳለ ደም ይመላለስባቸው የነበሩ ቦዮች ናቸው። ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው። በጋለ መርፌ ወግተህ አሽትተው የሚሉ አሉ፤ እባክዎ አይስሟቸው፤ ጠባሳው አይለቅም።

ብረቱ ላይ የተመታውንም የፍተሻ ማኅተም ይፈልጉ። ብዙ ሰው ጎንደር ውስጥ ያለ አሮጌ ሽጉጥ ሁሉ ጣሊያን በኅዳር 1934 እዚህ እጁን ሲሰጥ የቀረ ይመስለዋል። ቦዴዎ የሚባለው የጣሊያን ሽጉጥ ግን 10.35 ሚሊሜትር ጥይት የሚጎርስ የወታደር መሣሪያ ነው፤ ጌጥ አያውቀውም። ጎራሹ ላይ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት ካገኙ ግን ሽጉጡ በቤልጅግ አገር፣ ሊዬዥ ከተማ ተፈትኖ ያለፈ ነው፤ ከላዩ ዘውድ ካለበት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1893 ወዲህ። ይህን ማወቅ ለእጀታው ይጠቅማል። የሊዬዥ ሠሪዎች ብዙ ነበሩ፤ መጠናቸውም የተለያየ ነው። ልጅዎ የሚያስመጣው ተዘጋጅቶ የተሠራ እጀታ ልክ ሊሆን የሚችለው በዕድል ብቻ ነው።

ስለ ዝሆን ጥርሱ መልሴ አጭር ነው፤ አይግዙ። ዓለም አቀፍ ንግዱን ለመዝጋት ከተወሰነ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው። አገራችንም በ2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥላለች። ያ «አገኝልሃለሁ» ያለዎት ሰው ከየት እንደሚያመጣው አይነግርዎትም። በአያትዎ ሽጉጥ ላይ የተገደለ ዝሆን አይጨምሩበት።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብረቱ ላይ ሐረግ ካለ እጀታው ሌላ ሐረግ አያስፈልገውም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ሐረጉን ከገጹ ራስ ላይ ስለው ከሥሩ ጽሑፉን በጸጥታ እንደሚያስቀምጡት ነው። የሚያብለጨልጭ ነገር ከሐረጉ ጋር ይጣላል፤ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ለእርስዎ ነጭ ብረት እኔ ጥቁር የበሬ ቀንድ እመርጣለሁ። ከኒኬሉ አጠገብ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ቅጠል ጎልቶ ይወጣል።

ቀንዱን ዋንጫ ከሚሠሩ ሰዎች ያግኙ፤ እነሱ ደረቁን ከእርጥቡ በእጃቸው ይለያሉ። ቀንድ ከሥሩ ክፍትና ስስ፣ ከጫፉ ድፍን ነው፤ ገበታ የሚወጣው ወፍራም ግድግዳ ካለው ከመካከሉ ነው። በፈላ ውኃ ሲቀቀል ይላላል፤ ያኔ በሁለት ጠፍጣፋ ብረት መካከል ተጨምቆ እስኪበርድ ድረስ አይነካም። ከዚያም ሳምንታት ይቀመጥ። በችኮላ የተሠራ ቀንድ ክረምት ሲገባ ወደ ጥንት ጎባጣነቱ ይመለሳል፤ ከብሎኑ ራቅ ብሎ ጠርዙ ከብረቱ ይነሳና በመካከሉ ብርሃን ያሳያል።

ባለሙያው ከመሞረዱ በፊት ብረቱን በፕላስተር መሸፈኑን ቆመው ይዩ። ይህን አጥብቄ እለምንዎታለሁ። የሐረጉ ጥልቀት ከወረቀት ብዙም አይበልጥም፤ ሞረድ አንዴ ካለፈበት የጠፋውን ቅጠል የሚመልስ የለም። ገበታው ከብረቱ ጠርዝ በፀጉር ያህል ከፍ ብሎ ቢቀር ይሻላል፤ ለማስተካከል ሲባል ብረት አይነካም። የመጨረሻው ማለስለሻ ደቃቅ አመድና እርጥብ ጨርቅ ነው። ሽጉጡን ይዘው ሲወጡም ፈቃድዎ አይለይዎት፤ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያጌጠ ሽጉጥም መሣሪያ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ቆላ ዞቢ የሚባለው ጥቁር እንጨት አለ። የእኔ ሽጉጥ ሐረግ ያለው፣ ብረቱ ጥቁር ሰማያዊ ነው። በዞቢ ላሠራው ብል ይሰነጠቃል አሉኝ። እውነት ነው? (ከገንዳ ውኃ)

መልስ፦ እንጨቱ ጠንካራ ነው፤ ውኃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ፈረንጆች ክላርኔት የሚሠሩበት ነው። የሚሰነጠቀው ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ነው። ሁለቱን ጫፎች በሰም ደፍነው ጥላ ውስጥ ያቆዩት። ለእርስዎ ሽጉጥ ግን አልመክረውም፤ ጥቁር በጥቁር ላይ ሲሆን ሐረጉ ይጨልማል። ለጥቁር ብረት ወይራ ነው የሚያምረው፤ በተለይ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ምሰሶ፣ ዕድሜ ያደረቀው። ቡናማ ሽንትሩ (የእንጨቱ መስመር) የተጠላለፈበትን ትተው ቀጥ ብሎ የወረደበትን ይምረጡ፤ ሽንትሩም በእጀታው ርዝመት ይሂድ፤ አግድም ከሆነ ታችኛው ጫፍ ላይ ይሰበራል። ዋንዛ ለስላሳ ስለሆነ በእጅ ጥፍር እንኳ ይጎደጉዳል።

እዚህ ደጋ ላይ የተሠራ እንጨት ወደ እናንተ፣ ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ ይኮማተራል። ስለዚህ ገበታው በሻካራው ተቆርጦ ይሰጥዎ፤ ጥቂት ወራት ቤትዎ ይክረም፤ ልኩ ከዚያ በኋላ ይያዝ። ቫርኒሽ አይቀባ፤ በጣም ስስ የተልባ ዘይት ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ሽጉጥ የቀንድ እጀታው ላይ ትንንሽ ጉድጓድ አገኘሁ። ዝገት ነው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቀንድ አይዝግም፤ ነፍሳት በልተውት ነው። ባለቤትዎ ሽጉጡን ከቆዳ ማኅደሩ አውጥቶ ገበታዎቹን ይፍታቸው፤ ጀርባቸውንና ጉድጓዶቹን በብሩሽ ያጽዳ፤ በስሱ ዘይት ቀብቶ በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ይጠቅልላቸው። ማኅደሩንም ፀሐይ ላይ ያስጣው፤ እንቁላላቸው ስፌቱ ውስጥ ሊኖር ይችላል።