የኪራይ ውል ከመፈረሜ በፊት ቤቱን እንዴት ልፈትሽ?

ወንድሜ፣ «ቀለሙ አዲስ ነው፣ ሌላ ምን ልይ?» ብለሃል። አዲሱን ቀለም ራሱን ጠጋ ብለህ እይ። አንድ ጥግ ብቻ ተቀብቶ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከስሩ እርጥበት አለ። በመዳፍህ ዳብሰው፤ ካበጠ ወይም ሲነካ እንደ ዱቄት ከረገፈ ውሃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ቁም ሳጥኑንም ከፍተህ አሽት፤ የሻጋታ ሽታ የሚታፈነው እዚያ ነው።

ውሃውን ሁሉንም አንድ ላይ ፈትሽ፦ የሻወሩንና የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍተህ የሽንት ቤቱን ውሃ ልቀቅ። ግፊቱ ከሞተ መስመሩ በዝገት ወይም በደለል ጠቦ ሊሆን ይችላል። ሲንኩን ሞልተህ ባንዴ ልቀቀውና ከስር ያሉትን መጋጠሚያዎች በደረቅ ሶፍት ጥረጋቸው። ቀስ ብሎ የሚያፈስ ቧንቧ ለዓይን አይታይም፣ ሶፍቱ ግን ይረጥባል።

ሶኬቶቹን በስልክ ቻርጀር አንድ በአንድ ሞክር። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ሶኬት ላይ ግን ምንም አትሰካ፤ ሽቦው ላልቶ ሲሞቅ የኖረ ሊሆን ይችላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። በርና መስኮቱን ቆልፈህ ክፈት። ቆጣሪው የጋራ ነው የግል? ያለፈው ሂሳብ ተከፍሏል?

ያገኘኸውን ጉድለት፣ የቆጣሪውንም ንባብ ጭምር ፎቶ አንሳ። አከራዮቹ «በኋላ እናስጠግናለን» ካሉህ ምኑ፣ በማን ወጪ፣ እስከ መቼ እንደሚጠገን ውሉ ላይ ይስፈር፤ ካልሰፈረ አትፈርም።