«ቲቸር፣ ልትሄጂ አይደል?»

ጥያቄ

እንደምን ሰነበቱ? እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረዎ።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ከፔዳ፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ በሒሳብ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ቆይቼ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ የግል ትምህርት ቤት ጠራኝ። የ7ኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት መውለጃዋ ስለደረሰ ፈቃድ ልትወጣ ነው፤ እስክትመለስ እንድተካት ዳይሬክተሩ በቃል ነገረኝ፤ ደመወዙንም በቃል ተስማማን። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እናቴማ የእንቁጣጣሹን ዶሮ «የልጄ ሥራ ነው» እያለች ነው ለጎረቤት ያቀመሰችው።

የመጀመሪያው ቀን ስም ስጠራ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ አንቺ እስከ መቼ ነሽ?» አለችኝ። መምህርታችሁ እስክትመለስ አልኳት። ከኋላ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እንግዲያው ልትሄጂ አይደል?» ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የቤት ሥራ ስሰጥ ግማሹ ሠርቶ አይመጣም። ለዳይሬክተሩ ብነግረው «አንቺ ብቻ ክፍሉ እንዳይረብሽ ያዢልኝ፤ ዋናዋ ስትመጣ ታስተካክለዋለች» አለኝ።

ዋናዋ መምህርት ደግሞ ማታ ማታ ትደውላለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ለሥራዋ ስለምትቆረቆር ነው። ግን አቀማመጣቸው እንዲህ ይሁን፣ ደብተራቸውን እንዲህ ያስምሩ፣ ያንን ምዕራፍ እኔ እስክመጣ አትንኪው ትለኛለች። በነጋታው ክፍል ስገባ በራሴ ልሂድ ወይስ በእሷ፣ ግራ ይገባኛል። የተመረቅሁት በአፕላይድ ስለሆነ የማስተማር ሥልጠና አልወሰድኩም፤ ስለዚህ ልከራከራት አልደፍርም።

ከሁሉ በላይ የከበደኝ ግን አንድ ልጅ ነው። ከፎገራ መጥቶ አጎቱ ዘንድ ተቀምጧል። በግጭቱ ምክንያት አገሩ ያለው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለቆየ ከክፍሉ ልጆች በዕድሜ ይበልጣል፤ መጨረሻ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ አይረብሽም፤ አይጠይቅም። ደብተሩን ሳየው 1/3 ሲደመር 1/4 ብሎ መልሱን 2/7 ጽፏል። ከታች ደግሞ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ሌሎቹንም ሁሉ በዚያው መንገድ ሠርቷቸዋል። ቁጭ ብዬ ላስረዳው እፈልጋለሁ። ግን እኔ ሂያጅ ነኝ። ጀምሬለት ገና ሲለምደኝ ጥዬው ብሄድ አይጎዳም? ወይስ ለዋናዋ መምህርት ልተወው?

ምትኳ መምህርት፣ ከባሕር ዳር

መልስ

ልጄ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ዋናው እሱ ነውና። ጀምሪለት። ነገ ጠዋት ጀምሪለት።

የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ያለ ክፍልፋይ አይሄድም። ንጽጽር፣ መቶኛ፣ እኩልታ፣ ሁሉም እዚያ ላይ የቆሙ ናቸው። ያ ልጅ እስከ ጥር ዝም ብሎ ከተቀመጠ፣ መምህርቷ ስትመለስ የምታገኘው ክፍልፋይ ያልገባውን ልጅ ብቻ አይደለም። አለመጠየቅን የለመደ ልጅ ነው፤ ያንን ማስተው ደግሞ ክፍልፋይን ከማስተማር የባሰ ይከብዳል። በሚቀጥለው ዓመት የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይጠብቀዋል። የሚባክን መስከረም የለውም።

ደብተሩን ደግመሽ እዪው። ልጁ አልሰነፈም፤ በግምትም አልጻፈም። የላይኛውን ከላይኛው፣ የታችኛውን ከታችኛው እየደመረ አንድ ሕግ ይዞ ነው የሄደው። ሕጉ ስሕተት ነው፤ አክባሪነቱ ግን ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ሌላ ሕግ በቃል አታስጠኚው፤ የያዘው እንደማያዋጣ ራሱ ይየው።

የፎገራ ልጅ ከሆነ ሩዝ ያውቃል፤ መሬት በእኩል፣ በሲሶ፣ በእርቦ ሲታረስም ሰምቶ ይሆናል። 12 ኩንታል ሩዝ ተመረተ በይው። ሲሶው ስንት ነው? 4 ይልሻል። ሩቡስ? 3። ሁለቱን ወስደን ስንት ሆነ? 7። ከ12ቱ 7፣ ማለትም 7/12። አሁን የእሱን መልስ አምጪለት፦ የ12 ኩንታል 2/7 ስንት ይመጣል? አብራችሁ አካፍሉት፤ ሦስት ተኩል እንኳ አይሞላም። ሲሶው ብቻውን 4 ኩንታል ሆኖ ሳለ ሩብ ሲጨመርበት እንዴት ያንሳል? እዚህ ላይ ዝም በይ። መልሱን አትንገሪው፤ ደቂቃም ይፍጅ። ራሱ «አይሆንም» ሲል ከሰማሽ ከባዱ አልፏል። ለምን 12ን እንደመረጥሽ፣ ሲሶም ሩብም ያለ ትርፍራፊ የሚወጣበት ቁጥር እንዴት እንደሚፈለግ ከዚያ በኋላ ብትነግሪው ይገባዋል።

ብቻውን ከትምህርት በኋላ አታስቀሪው። በዕድሜ ለሚበልጣቸው ልጅ ይህ ትልቅ ሐፍረት ነው። በሳምንት አንድ ቀን «ክፍልፋይ መከለስ የሚፈልግ ይቅር» ብለሽ ለሁሉም ክፈቺው፤ የሚቀረው እሱ ብቻ እንደማይሆን እርግጠኛ ነኝ። አስቢው፦ በዚህ በ2018 ዓ.ም. 7ኛ ክፍል የገቡት ልጆች፣ በኮሮና ምክንያት በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንደኛ ክፍል ነበሩ። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የክልላችን ግጭት። ሳይቋረጥ የተማረ ልጅ ማግኘት ቀላል አይደለም። ፊት ወንበር ላይ ሆነው ከሚስቁትም መካከል እንደዚያው የሚደምሩ አይጠፉም።

ጥዬው ብሄድ ይጎዳል ላልሽው፣ የሚጎዳው ሳታውቂበት ሲቀር ነው፤ ማለትም መሄድሽን ደብቀሽው አንድ ቀን ድንገት ስትጠፊ። እስከ መቼ እንዳለሽ ከአሁኑ ንገሪው። አብራችሁ የምትሠሩትንም በአንድ ለብቻው በሆነ ቀጭን ደብተር ላይ አስቀምጪ፤ ቀን፣ የሠራው፣ ያቃተው፣ ቀጥሎ የሚሠራው። ደብተሩ የእሱ ይሁን። ማንም መምህር ገልጦ ካቆምሽበት ሊቀጥል ይችላል። አጠገቡ ደህና የሚያስረዳ ልጅ አስቀምጪለት፤ አንቺ ብትሄጂ እንኳ ያ ጓደኛ ይቀራል።

ስለ ክፍሉ ሳቅ ብዙ አትዘኚ፤ ልጆቹ የጠየቁት እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ የሚገባቸውም እውነተኛ መልስ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ መሠረት የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ነው፤ በድምሩ 120። መምህርቷ መስከረም 1 ላይ ወጥታ ከሆነ አራት ሙሉ ወር ተቆጥሮ ጥር ላይ ይደርሳል። እንግዲህ የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት አብዛኛውን የምታስተምሪው አንቺ ነሽ። ይህንኑ ንገሪያቸው፦ «እስከ ጥር እኔ ነኝ፤ እስከዚያ የምትሠሩት ሁሉ ውጤት ነው።» ከዚያ የቤት ሥራውን በዕለቱ ሰብስበሽ አርሚ፤ በነጋታው መልሺ፤ ነጥቡን በተከታታይ ምዘናው ውስጥ አስገቢ። የተማሪ ግማሹ የቤት ሥራ የማይሠራው የሚያየው ሰው የለም ብሎ ሲያስብ ነው። ስማቸውን ደግሞ ቶሎ አጥኚ፤ በተለይ የኋለኞቹን።

ዳይሬክተሩ «ክፍሉ እንዳይረብሽ ያዢልኝ» ማለቱ አስቆጥቶኛል። ወላጅ የሚከፍለው ልጁ ጸጥ ብሎ እንዲቀመጥለት አይደለም። ዓመቱ የሚጀምርበትን ክፍል ለአንድ ሰው ሰጥቶ፣ አታስተምሪ፣ ጠብቂ ማለት ልጆቹን መናቅ ነው። ምትክ የሆንሽው ለወንበሩ ብቻ አይደለም፤ ለማስተማሩም ሥራ ነው።

መምህርቷን በተመለከተ ስልኩ አይበጃችሁም። ከመውለዷ በፊት ደክሟት ካልሆነ አንድ ከሰዓት ቤቷ ሂጂና መጽሐፉንና ዓመታዊ ዕቅዱን ይዛችሁ ተቀመጡ። የምዕራፉን ቅደም ተከተልና የነጥቡን ክፍፍል እሷ ትበል፤ ለዓመቱ የምትጠየቀው እሷ ናትና ያ መብቷ ነው። የዕለት ትምህርቱን ዕቅድ፣ አቀማመጡን፣ የቤት ሥራውን ግን አንቺ ታወጪዋለሽ፤ ክፍል ውስጥ ያለሽው አንቺ ነሽ። ይህን በአክብሮት ብትነግሪያት የምትቀየምሽ አይመስለኝም፤ ማታ ማታ የሚያስደውላትም ሥጋት ነው። ከዚያ በሳምንት አንድ አጭር መልእክት ላኪላት፦ እዚህ ደርሰናል፣ እነ እገሌ ይህ ከብዷቸዋል ብለሽ። ስትወልድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ሂጂ፤ የዚያን ቀን ግን ስለ ክፍሉ አንድም ቃል አታንሺባት።

ሥልጠና አልወሰድኩም ብለሽ ራስሽን አታሳንሺ፤ ሥልጠናው ግን ያስፈልግሻልና ፈልጊው። ፔዳ እኮ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ (ከፖሊቴክኒኩ) ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት ሥራው መምህር ማፍራት ነበር፤ ዛሬም መምህራንን የሚያሠለጥኑ ሰዎች እዚያ ግቢ አሉ። የምታውቂያቸውን ፈልገሽ ዕቅድሽን አሳዪያቸው፤ አንድ ቀን ክፍልሽ ገብተው እንዲያዩሽም ለምኚ።

የቀረው ውሉ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በፈቃድ ላይ ያለ ሠራተኛን ለመተካት ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር ይፈቀዳል፤ ችግር የለውም። ነገር ግን ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ፣ አሠሪው ውሉ በተደረገ በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጥሽ ይገባል። በነሐሴ መጨረሻ ከተስማማችሁ ጊዜው አልፏል። ዳይሬክተሩን በትሕትና ጠይቂው፤ በቃል ብቻ መቆየትሽ መብትሽን ባያጠፋውም፣ ነገ ስለ ደመወዙ ክርክር ቢነሳ የሚያስቸግርሽ ነገር ነው። የውሉ ማብቂያም በቀን ተቆርጦ እንዳይጻፍ። የምትወልድበት ቀን ካለፈ ከወሊድ በፊት ያለው ፈቃድ እስክትገላገል ይራዘማልና፣ «መምህርቷ ወደ ሥራ እስክትመለስ» ቢባል ይሻላል።

እግረ መንገድሽንም ዳይሬክተሩን አንድ ነገር ለምኚልኝ፦ መምህርቷ ስትመለስ ሁለት ቀን አብራችሁ ክፍል የምትገቡበት ጊዜ ይፍቀድ። በእነዚያ ሁለት ቀናት አንቺ አስተምሪ፣ እሷ ከኋላ ወንበር ትቀመጥ፤ የፎገራው ልጅ አጠገብ። ደብተሩን ራሱ ያሳያት።