ልጄ አደገ ወይስ ቀረ? ጥያቄና መልስ

ደሴ ውስጥ ሕፃናት ስመዝን ነው የምውለው። «ስለ ልጆቻችሁ እድገት ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። በሉ እንደ ቡና ላይ ወግ እያወራን እንሂድ።

ከኩታበር፦ ልጄ 7 ወሩ ነው፣ 7 ኪሎ ይመዝናል። የጎረቤቴ ልጅ፣ እኩያው፣ 9 ገባ። የኔ ምን ሆኖ ነው?

አብሽሪ እህቴ። ለ7 ወር ወንድ ልጅ 7 ኪሎ ዝቅ ይላል እንጂ ከጤናማው ክልል አልወጣም። ግን የአንድ ቀን ኪሎ ብቻውን ብዙ አይነግረኝም። ኪሎው በየወሩ በነጥብ የሚመዘገብበትን የእድገት ካርዱን አውጪና ያለፉትን ወራት ነጥቦች እይ። መስመሩ ወደ ላይ ከወጣ፣ ቀጭንም ቢሆን በራሱ መንገድ እየሄደ ነው። ከተጋደመ ወይም ከወረደ ግን ያሳስበኛል፤ ባለ 9 ኪሎውም ቢሆን። ደግሞ ልብሱ ይውለቅ። የደሴ ብርድ ይገባኛል፣ ግን ባለፈው የአንዱን ሕፃን ሁለት ሹራብና ወፍራም ሱሪ ስናወልቅ ግማሽ ኪሎው አብሮ ወለቀ። እናቱ ደነገጠች። ለካ ያለፈው ወር ነጥብ የሹራቡ ነበር!

ከሐይቅ፦ ስትወለድ 3 ኪሎ ነበረች፣ በ4ኛ ቀኗ 2 ኪሎ ከ800 ሆነች።

ያጋጥማል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስከ 10 በመቶ መቀነስ የተለመደ ነው፤ በደንብ ከጠባች በ2 ሳምንት ውስጥ ትመልሰዋለች። ጡት እምቢ ካለች ግን የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ውሰጃት።

ከወረኢሉ፦ የጤና ኤክስቴንሽኗ የልጄን ክንድ ለክታ «ቢጫ ነው» አለችኝ። ፊቱ እኮ ሞላ ያለ ነው፤ ጥብጣቡ ተሳስቶ ይሆን?

ጥብጣቡን እመኚው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 12.5 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ከ11.5 በታች ቀይ። መሐሉ ቢጫ፣ ማለትም መካከለኛ የምግብ እጥረት። እኔን ያሰጋኝ ያ «ሞላ ያለ ፊት» ነው። አሁኑኑ የሁለቱንም እግሮቹን ጀርባ በአውራ ጣትሽ 3 ሰከንድ ያህል ተጫኚና ልቀቂ። ጎድጎድ ብሎ ከቀረ ውፍረት ሳይሆን እብጠት ነው፤ ቢጫም ይሁን አረንጓዴ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ። ካልጎደጎደ የቀጠረችሽን ቀን አትዝለይ። ገንፎውንም ማንኪያ ላይ የሚቆም አድርጊውና እንቁላል ጨምሪበት። ቀጭን አጥሚት ሆድ ነፍቶ ያስተኛል እንጂ ክንድ አይሞላም።

ከኮምቦልቻ፣ አንዲት አያት፦ የልጅ ልጄ 14 ወሩ ነው፣ አይሄድም። ባለ ጎማ መራመጃ ልግዛለት?

አይግዙ እናቴ። አንዱ በ9 ወሩ ይሄዳል፣ ሌላው 17 ወር ሞልቶት። ዱካ ይዞ ይቆማል? ግድግዳ ታክኮ ይሄዳል? እንግዲያው መንገድ ላይ ነው። መራመጃው አያፈጥነውም፤ ይልቅ ከደረጃ ይጥለዋል፣ ወይ ከረከቦቱና ከፍሙ ላይ ይነዳዋል። 18 ወር ሞልቶት ካልሄደ ያሳዩት። ይችለው የነበረውን ከተወ ግን፣ ለምሳሌ «እማ» ይል የነበረው ዝም ካለ፣ ወር አይቁጠሩ።

ከመርሳ፦ በ23 ወሩ 85 ሳንቲሜትር ነበር፣ በ24 ወሩ 84.8 አሉኝ። ልጅ ያጥራል እንዴ?

አያጥርም። 2 ዓመት እስኪሞላው ተኝቶ ነው የሚለካው፣ ከዚያ በኋላ ቆሞ። ቆሞ ሲለካ 0.7 ሳንቲሜትር ያህል ይቀንሳል። እንዲያውም ግማሽ ሳንቲሜትር አድጎልሻል።