«ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ይበቃል?»፦ ከቤት በላይ መሬት ሲሰነጠቅ

ጠያቂያችን የጻፉልኝ ከአዲስ አበባ ነው። ወላጆቻቸው የሚኖሩት ሰሜን ሸዋ፣ ጣርማበር አካባቢ፣ ከተዳፋት ግርጌ በተሠራ የጭቃ ቤት ነው። አባታቸው ከሁለት ዓመት በፊት ጓሮውን ለማስፋት ተዳፋቱን ቆርጠውታል። ዘንድሮ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከቤቱ 20 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መሬቱ እንደ ማጭድ ጎብጦ ተሰነጠቀ፤ የዋናው ቤት በርም አልዘጋ አለ። አባት ስንጥቁን በሲሚንቶ ሞልተው ከጓሮ በኩል የድንጋይ ግንብ ሊያቆሙ አስበዋል። «ስንት ኩንታል ሲሚንቶና ስንት ቢያጆ ድንጋይ ይበቃል?» ነው ጥያቄው።

ወንድሜ፣ አሁን አንድ ኩንታልም አይግዙ። አባትዎም ለግንቡ መሠረት ብለው ዶማ እንዳያነሡ ዛሬውኑ ይደውሉላቸው። ተዳፋቱን ከታች ደግፎ የያዘው ግርጌው ነው። ጓሮው ሲሰፋ ከዚያ ድጋፍ ተቆርጦ ተወስዷል፤ አሁን በክረምት፣ መሬቱ ውሃ በጠገበበት ሰዓት፣ ለመሠረት ብሎ እዚያው መቆፈር የቀረውን ድጋፍ መንቀል ነው። ቆፋሪው ደግሞ የሚቆመው ልክ ከሥሩ ነው።

ክብደቱንም እናስላው። አንድ ሜትር ኩብ የራሰ አፈር ወደ 2 ቶን፣ ማለትም 20 ኩንታል ይመዝናል። የተሰነጠቀው መሬት ወርዱ 20፣ ከስንጥቁ እስከ ጓሮው 20፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ብቻ ነው ብንል 1,200 ሜትር ኩብ ነው፤ 24,000 ኩንታል። ይህ መሬት ከተነሣ የጓሮ ግንብ አያቆመውም። ስንጥቁ ውስጥ የሚገባው ሲሚንቶም አይበጅም፤ ግትር ስለሆነ መሬቱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ከጎኑ ይላቀቅና ውሃው በዚያው ይገባል።

መጀመሪያ ግን መሬቱ በእርግጥ እየሄደ መሆኑን እንለይ። መረሬ (ጥቁር ሸክላ) መሬትም ይሰነጠቃል፤ እሱ ግን በበጋ፣ ወዲያና ወዲህ እየተጠላለፈ ይሰነጠቅና ዝናብ ሲጥል ይዘጋል። በክረምት የሚከፈት፣ ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጥ፣ የታችኛው ከንፈሩ ከላይኛው ዝቅ ያለ ስንጥቅ ከሆነ የመንሸራተት ነው። በሩም እንዲሁ ይፈተናል። እንጨት በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣልና የማይዘጋ በር ሁሉ የአደጋ ምልክት አይደለም። በሲባጎ የመቃኑን ሁለት ሰያፎች፣ ከላይ ግራ እስከ ታች ቀኝ፣ ከላይ ቀኝ እስከ ታች ግራ ይለኩ። እኩል ከሆኑ እንጨቱ ነው ያበጠው፤ በሩን መላግ ይበቃል። ከተበላለጡና ልዩነቱ በየቀኑ ከጨመረ ቤቱ ራሱ እየተንጋደደ ነው።

ከስንጥቁ በላይና በታች ሁለት ካስማ ይተከል፤ በየጠዋቱ በመካከላቸው ያለው ርቀት በሜትር ተለክቶ ከነቀኑ ደብተር ላይ ይጻፍ። የሚለካው ሰው ዝናብ እየጣለ አይውጣ። ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ካለ ደግሞ አንድ ጣት ያህል ጄሶ አቋርጦ ይለጠፍበት። ጄሶው ከደረቀ በኋላ ከተሰነጠቀ እንቅስቃሴው አልቆመም።

የካስማው ውጤት እስኪታወቅ ማንም ሰው እዚያ ቤት አይደር። በተለይ ምንጩ በድንገት ከደፈረሰ ወይም አዲስ ምንጭ ከፈለቀ፣ ዛፍ ካዘነበለ፣ መሬት ውስጥ ጉርምርምታ ከተሰማ፣ ቀንም ቢሆን ይውጡ። የሚያድሩበት ዘመድ ቤት ከተዳፋት ግርጌና ከፈፋ አፍ የራቀ ይሁን። አባትዎ በሬዎቹን ትተው እንደማይወጡ አውቃለሁ፤ የገበሬ ሀብቱ ናቸው። ስለዚህ በሬዎቹ ቀድመው ይውጡ፤ ሌሊት ለከብት ብሎ የሚመለስ ሰው እንዳይኖር። የመሬት ይዞታ ደብተሩ፣ መታወቂያውና የዘር እህሉም አብረው ይሂዱ።

ሥራው የሚጀምረው ከውሃው ነው። 8 በ6 ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥልበት 960 ሊትር፣ አምስት በርሜል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውሃ ያወርዳል። ያ ሁሉ ጓሮ ውስጥ እየሰረገ ነው። አሸንዳ ተገጥሞለት በቱቦ ወደ ፈፋው ይሂድ። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ለማስቀየስ ደግሞ ከስንጥቁ በላይ፣ ባልተነካው መሬት ላይ፣ ቦይ ይቆፈር፤ ካስማው እንቅስቃሴ በማያሳይበትና ዝናብ በሌለበት ቀን፣ አንድ ሰው ተዳፋቱን ብቻ እየጠበቀ። የቦዩ ተዳፋትነት በየ10 ሜትሩ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ ከዚያ ከበለጠ ራሱ ቦዩ ይሸረሸራል። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ የእርከን ውሃ ልክ አለው፤ ይጋብዙት። ለጥበቃ ሥራ የሚቆፈረው ውሃ የሚያቁር ትሬንች ግን እዚህ አይሠራም። ለሌላ ተራራ መልካም ነው፤ ለተሰነጠቀ ተዳፋት ውሃ ማጠጣት ነው። ቦዩ ሲያልቅ ስንጥቁን ሸክላነት ባለው አፈር በየስንዝሩ እየጠቀጠቁ ይሙሉት፤ ከላዩ ጉብ ይበል።

ዝናቡ አባራ ተብሎም ቶሎ ወደ ቤት አይመለሱ። ውሃው ወደ ጥልቁ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ እዚያው ደብረ ሲና አካባቢ ይዛባ ላይ በ1998 ዓ.ም. መሬቱ የተንሸራተተው መስከረም ላይ ነበር።

አንድ ነገር ለመንደሩ ሁሉ ይነገርልኝ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰው ያለቀው በመጀመሪያው ናዳ ብቻ አይደለም። የተቀበሩትን ሊያወጡ በእጃቸው ጭምር ሲቆፍሩ የነበሩ ጎረቤቶች ላይ ሁለተኛው ወረደባቸው። ወገን እየተጣራ ቆሞ ማየት እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም ናዳ ከወረደ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ አይግባ፤ ጥቂት ይግቡ፣ ከጎን በኩል ሆኖ ላይኛውን መሬት የሚያይና የሚጮህ ሰው ይቁም፣ የሚሸሹበት አቅጣጫ ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች አይሁን።

ለቀበሌውና ለወረዳው የአደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የጂኦሎጂ ባለሙያ እንዲያየው ይጠይቁ። ባለሙያው ቦታውን ልቀቁ ካለ ግንብ የሚባለውን ነገር ይተዉት፤ ገንዘቡ ለአዲስ ቤት ቆርቆሮ ይሁን።

ባለሙያው ግንቡን ቆይታችሁ ሥሩት ካለ ጥር ላይ ነው። ያን ጊዜም በሲሚንቶ የታሰረ ግንብ አልመክርም፤ ጋቢዮን፣ ማለትም በሽቦ ሳጥን የታጨቀ ድንጋይ፣ ውሃ ስለሚያሳልፍ ይሻላል። የግድ በሲሚንቶ ከሆነ ከጀርባው ጠጠር ይሞላበት፣ በየአንድ ሜትር ተኩሉም የውሃ ማስወጫ ቱቦ ይግባበት፤ ያለ ቱቦ የቆሙ ግንቦች ሆዳቸው ተነፍቶ ሲፈነዱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መሠረቱም በአንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አይቆፈር፤ ሁለት ሁለት ሜትር እየቆፈሩ፣ ያንን ገንብተው ወደ ቀጣዩ ይለፉ። የካስማውን ልኬት ከነቀኑ፣ የተቆረጠውን ተዳፋት ቁመትና ርዝመት ይዘው ያኔ ይጻፉልኝ፤ ስንት ቢያጆ ድንጋይ እንደሚያስፈልግ አብረን እናሰላለን።