ጠዋት ጠዋት አልነሳ የምትል መኪና፦ ጥፋቱ የቤንዚን ፓምፑ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። መኪናዬ የቤንዚን ናት፣ ባለ ኢንጀክተር። ጠዋት ሳስነሳት ሞተሪኖው በደንብ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን እምቢ ይላል። ሁለቴ ሦስቴ ከሞከርኩ በኋላ ነው የምትነሳው። አንዴ ከተነሳች ቀኑን ሙሉ ምንም አትል፣ ጉልበቷም ያው ነው። መካኒኩ ምንም ሳይለካ "ፓምፑ ሞቷል፣ ይቀየር" አለኝ። ልቀይር?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ፣ አትቸኩል። ፓምፑ ሞቶ ቢሆን ቀኑን ሙሉ ማን ቤንዚን እየገፋላት ነው የምትሄደው? ባልተለካ ነገር ላይ ገንዘብ አይወጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁልፉን ከፍተህ ሞተሪኖውን ሳትነካ ብትቆይ፣ ታንኩ ውስጥ ያለው ፓምፕ ለሁለት ሰከንድ ያህል እዝዝዝ ብሎ ዝም ይላል። በዚያች ጊዜ መስመሩን ሞልቶ ግፊት ይፈጥራል። ሞተሩን ስታጠፋ ደግሞ ቤንዚኑ ወደ ታንክ እንዳይመለስ የምትይዝ አንድ ትንሽ ቫልቭ ፓምፑ ላይ አለች። ይቺ ቫልቭ ከላላች ወይም ሌላ ቦታ የሚያፈስ ነገር ካለ፣ ሌሊቱን ግፊቱ ይወርድና ጠዋት የምታገኘው ባዶ መስመር ነው። ሞተሪኖውን ደጋግመህ ስታዞር እየሞላኸው ነው ማለት ነው።

ነገ ጠዋት እንዲህ አድርግ። ቁልፉን ክፈት፣ ድምፁ እስኪቆም ጠብቅ፣ ዝጋ። ይህንን ሦስት ጊዜ ድገመውና ከዚያ አስነሳ። በአንዴ ከተነሳች ጥርጣሬህ ግፊቱ ላይ ይሁን። ምንም ለውጥ ከሌለ ግን ፓምፑን ተወውና ባትሪውን፣ ካንዴላዎቹንና የሞተር ሙቀት ሴንሰሩን አስፈትሽ። ሴንሰሩ ሲሳሳት ኮምፒውተሩ ብርድ ላይ ያለውን ሞተር ሞቋል ብሎ ቤንዚን ይቆጥብበታል።

ግፊቱ የሚወርድ ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ በየት በኩል ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ የግፊት መለኪያ ያለው መካኒክ ያስፈልጋል፣ መለኪያ ከሌለው ሌላ ጋራዥ ሂድ። ብዙ መኪኖች ከ3 እስከ 4 ባር አካባቢ ይሠራሉ፣ የአንተን ትክክለኛ ቁጥር ከመኪናው መጽሐፍ እዩ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መርፌው ቀስ እያለ ቢወርድ አያሳስብም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ዜሮ ከገባ ግን የሚያፈስ አለ። መኪናህ ትርፍ ቤንዚን ወደ ታንክ የሚመልስ ቱቦ ካለው፣ ሞተሩ እንደጠፋ መካኒኩ የጎማውን ክፍል ቆንጥጦ ይያዘው (ፕላስቲክ ከሆነ እንዳይነካ፣ ይሰነጠቃል)። መርፌው መውረዱን ካቆመ ጥፋቱ የሬጉሌተሩ፣ ማለትም የመስመሩን ግፊት የሚቆጣጠረው ዕቃ ነው። ከታንክ የሚመጣውን ቱቦ ሲይዝ ከቆመ የፓምፑ ቫልቭ ነው፣ እሷ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከፓምፑ ጋር ስለምትመጣ መካኒክህ በግምት ልክ ሆነ ማለት ነው። በሁለቱም ካልቆመ ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኢንጀክተር እያንጠባጠበ ነው፤ እንደዚያ ሲሆን ስትነሳ ትንገጫገጫለች፣ ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታም ይኖራል። ሬጉሌተሩ ላይ የተሰካችውን ቀጭን የጎማ ቱቦ ነቅላችሁ እዩዋት፣ ውስጧ ቤንዚን ከረጠበ ሬጉሌተሩ ተቀዷል፣ ሌላ ምርመራም አያስፈልገው።

ደግሞ አደራ፣ ግፊት ያለበትን መስመር እንዳትፈታ። መጀመሪያ የፓምፑ ፊውዝ ይነቀልና ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ይሥራ። ሲጋራ የያዘ ሰው ካለ አባረው።

ጥያቄ፦ የእኔዋ ደግሞ ጠዋት ችግር የለባትም። ረጅም መንገድ ስሄድ ሞተሩ ድንገት ይጠፋል፣ ግማሽ ሰዓት ካረፈች ትነሳለች። ነዳጅ ብዙ ጊዜ ቀዩ መስመር ላይ ሲደርስ ነው የምሞላው። ምን ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀዩ መስመር የሚሉት ነገር አንዱ ተጠርጣሪ ነው። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው የሚዋኝበት ቤንዚን ነው፣ ታንኩ ሁልጊዜ ባዶ ሲሆን ፓምፑ ይግላል። ቢያንስ ሩብ ታንክ ይኑርሽ።

በሚቀጥለው ስትጠፋብሽ ግን እስክትበርድ አትጠብቂ፣ ምርመራው የሚሠራው ያኔ ነው። ወደ መንገድ ዳር አውጪያት፣ የነዳጅ መሙያውን ክዳን ክፈቺና ጆሮሽን ጠጋ አድርጊ፣ ሌላ ሰው ቁልፉን ይክፈት። ድምፅ ከሌለ ፊውዙን እይ። ቀጥሎ የፓምፑን ሪሌ (ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋውን ትንሽ ሳጥን) ከክላክሱ ሪሌ ጋር ቁጥራቸው አንድ ከሆነ ቀያይሪው። አሁንም ዝም ካለ የታንኩን ሆድ ከታች በእጅሽ መታ መታ አድርጊው። በዚህ ከተነሳች ፓምፑ እያለቀለት ነውና ቤት እስክትደርሺ ብቻ እመኚው። አዲስ ከመገጠሙ በፊት ግን ሶኬቱ ላይ ኤሌክትሪኩን አስለኪ፤ ከባትሪው በጣም ያነሰ ከደረሰው ሽቦው ወይም ሶኬቱ ተቃጥሏል፣ አዲሱም ፓምፕ ብዙ አይቆይም።

ፓምፑ እየጮኸ ካልተነሳች ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ የዙር መቁጠሪያውን ተመልከቺ። ሞተሪኖው እየዞረ መርፌው ንቅንቅ ካላለ፣ በብዙ መኪኖች ይህ የክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው) ብልሽት ምልክት ነው። እሱ ሲግል የመጥፋት፣ ሲበርድ የመመለስ አመል አለው። ብዙ ጤነኛ ፓምፕ በእሱ ጥፋት ተነቅሎ ተጥሏል።

ጥያቄ፦ ያሉት ነገር ለናፍታ መኪናም ይሠራል?

መልስ፦ ብዙው አይሠራም። የቆየ ናፍታ ጠዋት ሲያስቸግር መጀመሪያ ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ጫን ጫን አድርገው። እስኪጠነክር ጫን ካልክ በኋላ ወዲያው ከተነሳ አየር እየገባ ነው፤ ቱቦዎቹንና የፊልትሮውን ጎማ ፈትሽ። ለውጥ ከሌለው የማሞቂያ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አስፈትሽ። ዘመናዊ ከሆነ ግን የከፍተኛ ግፊት መስመሩን አትንካ፣ የሚፈናጠረው ናፍታ ቆዳ በስቶ ይገባል።