ወደ ሰመጡ ከተሞች ለመውረድ ለቋመጣችሁ

ልጆቼ፣

«የሰመጠ ከተማ ማግኘት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» የሚል ጥያቄ ከእናንተ ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። ጥያቄው ደስ ይለኛል። ተከትሎት የሚመጣው «የትኛው የመጥለቅ ሥልጠና ይሻላል?» ግን ያሳስበኛል። መጥለቅ ወደ ሥራው መሄጃ ነው እንጂ ሥራው አይደለም። ጆርጅ ባስ እ.ኤ.አ. በ1960 በቱርክ ጠረፍ፣ ኬፕ ጌሊዶንያ አጠገብ የሰጠመችውን የነሐስ ዘመን መርከብ ሊቆፍር ሲሄድ የአርኪዮሎጂ (የጥንት ቅርስ ጥናት) ሰው ነበር፤ መጥለቅን የተማረው ለዚያ ሥራ ሲል ነው። ከእሱ በፊት ብዙውን ጊዜ ጠላቂዎች እቃ ያወጡ ነበር፤ ምሁሩ ደግሞ ላይ ሆኖ ይቀበላቸዋል። እቃው ምን አጠገብ፣ በምን አኳኋን እንደተኛ ግን ያየ ምሁር እምብዛም አልነበረም።

እኔ የምመክራችሁ ጥያቄያችሁን እንድትለውጡ ነው። «ከተማው የት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «መሬቱ ምን ሆኖ ወረደ?» በሉ።

የግሪኳን ሄሊኬን ውሰዱ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ373 ዓመት በአንድ ሌሊት የመሬት መንቀጥቀጥ መታት፤ ውሃም ዋጣት። የጥንት ጸሐፊዎች ውሃ ዋጣት ስላሉ፣ ከሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ብዙ ፈላጊ የቆሮንቶስን ባሕረ ሰላጤ ወለል አሰሰ። አንድም ነገር አልተገኘም። ተመራማሪዎቹ ዶራ ካትሶኖፑሉና ስቲቨን ሶተር ከተማዋን የዋጣት ውሃ ባሕሩ ሳይሆን ከጠረፉ ወዲህ የነበረ ረግረጋማ ሐይቅ ሊሆን እንደሚችል አሰቡ፤ ወንዞች ያመጡት ደለል ሐይቁን ሞልቶት ይሆናል ብለውም የብሱን መሰርሰር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 ፍርስራሹ ከደረቅ መሬት በታች ተገኘ። ያን ሁሉ ዓመት ባሕር ውስጥ የገቡት ሰዎች ጎበዝ ጠላቂዎች ነበሩ፤ የገቡበት ቦታ ነው የተሳሳተው።

ግብፅ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ቶኒስ-ሄራክሊዮን የዓባይ ወንዝ ባሕር ከሚገባበት አፍ ላይ፣ በሸክላ አፈር ላይ የቆመች ወደብ ነበረች። ውሃ የጠገበ ሸክላ አፈር ከባድ የድንጋይ ቤተ መቅደስ ተጭኖበት ሲናወጥ አቅሙን ያጣል፤ የተሸከመውንም ይዞ ይወርዳል። የባሕር ውስጥ ቅርስ አሳሹ ፍራንክ ጎዲዮና ባልደረቦቹ በአቡኪር ወሽመጥ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 ያገኟት ከዛሬው ጠረፍ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 10 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው። አስቀድሞ በማግኔቶሜትር (የመግነጢስ ኃይል ለውጥን በሚለካ መሣሪያ)ና በሶናር (በድምፅ ሞገድ ወለሉን በሚያሳይ መሣሪያ) የወሽመጡን ወለል ጥግ በጥግ መለካት ነበረባቸው፤ አሰልቺ ሥራ ነው። ከተማዋ ላይ የተገኘው የፈርዖን ቀዳማዊ ነክታኔቦ የድንጋይ ጽሑፍ ግሪኮች ሄራክሊዮን፣ ግብፃውያን ቶኒስ የሚሏቸው ሁለት ከተሞች አንድ መሆናቸውን አረጋገጠ። ምሁራን ሁለት አድርገው ሲቆጥሯቸው ኖረዋል።

የጣሊያኗ የጥንት ከተማ ባያ ደግሞ ከስሯ ያለው የእሳተ ገሞራ መሬት ቀስ በቀስ ዝቅ እያለ ነው ውሃ የገባባት። ስለዚህ ጂኦሎጂ ተማሩ፤ በተለይ ስለ ደለልና ስለ ባሕር ከፍታ መለዋወጥ። (በተረት ባሕር ዋጣት የምትባለውን አትላንቲስን ፍለጋ እንደምትነሱ የነገራችሁኝ አላችሁ። ተረቱ ደስ ይላል፤ ዕድሜያችሁን ግን አትስጡት። ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀ አለት ሁሉ ግንብ አይደለም።)

የባሕር ሰውንም አክብሩ። ከቱርክ ደቡብ ጠረፍ ወጣ ብሎ የሚገኘውን የኡሉቡሩን ስባሪ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1982 ያገኘው ስፖንጅ የሚለቅም ጠላቂ ነው። ያየውን «ጆሮ ያላቸው የብረት ብስኩቶች» ሲል ገለጸው። 10 ቶን ያህል የመዳብ ጭነት ነበር፤ ማዕዘናቸው እጀታ መስሎ የወጣ ጥፍጥፎች። ባስና ባልደረቦቹ ከዚያ በፊት ለስፖንጅ ለቃሚዎች እየዞሩ ምን መፈለግ እንዳለባቸው አስረድተው ነበር፤ ወሬው የደረሳቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወለሉ ላይ ደርሳችኋል እንበል። እጃችሁን ከአሸዋው በላይ ቀስ ብላችሁ ስታወዛውዙ ደለሉ ይነሳል፤ የመምጠጫው ቱቦ ይስበዋል። የሸክላ ጠርዝ ብቅ ይላል። እጅ ወዲያው ሊያነሳው ይቃጣዋል፤ እጃችሁን ግቱ። መጀመሪያ ለኩ፤ ፎቶ አንሱ፤ በፕላስቲክ ወረቀት ላይ በእርሳስ ሳሉት፤ አጠገቡ ያለውንም ጨምሩ። እ.ኤ.አ. በ1692 በመሬት መንቀጥቀጥ ከሰመጠው የጃማይካው ፖርት ሮያል ፍርስራሽ አንድ የኪስ ሰዓት ወጥቷል፤ የቆመው እኩለ ቀን ሊሆን 17 ደቂቃ ሲቀረው ነው። የት እንደተገኘ ባይታወቅ ኖሮ የተበላሸ ሰዓት ብቻ ይሆን ነበር።

ለማንሳት ከመወሰናችሁ በፊት ደግሞ ማን እንደሚያቆየው አስቡ። ውሃ የጠጣ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይሰነጠቃል። ሸክላም ጨው ይዞ ከደረቀ ፊቱ ይላጣል። የስዊድኗ ቫሳ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1961 ከወጣች በኋላ እንጨቷ እንዳይኮማተር ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የተባለ ኬሚካል ለ17 ዓመት ተረጭቶባታል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001 ያጸደቀው የውሃ ውስጥ ቅርስ ስምምነት ቅርሱን ባለበት መጠበቅ የመጀመሪያው አማራጭ ይሁን ማለቱ ለዚህም ጭምር ነው፤ ለንግድ መውጣቱንም ይከለክላል። እኔ ከዚህ አንቀጽ ጋር የምጣላበት ምክንያት አላገኘሁም።

እንግዲህ በሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜያችሁ የተገኘ ቅርስ የሚታከምበት ላብራቶሪ ካስገባችሁ ግቡ፤ የሸክላ ስብርባሪ ጨው እስኪለቅ ውሃ እየለወጣችሁ ሰንብቱ። የመጥለቅ ፈቃዱን ከዚያ በኋላ አውጡ።