«በሞቴ» ሲበዛ፦ ወይን ጠጅን ከጓደኛ ጋር ስለመጠጣት

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአንባቢያን ጥያቄ ዓምድ አዘጋጅ። የ25 ዓመት ወጣት ስሆን የምሠራው ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ አንድ የሂሳብ ቢሮ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርተን ስንወጣ ከባልደረቦቼ ጋር ወደ ፒያሳ ወይም ወደ አራት ኪሎ ሄደን ምሳ እንበላለን፤ ከምሳው ጋርም ብዙ ጊዜ ወይን ጠጅ ይታዘዛል። ባደግኩበት ቤት በዓል ሲደርስ ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅም ይጣላል፤ ወይን ጠጅን ግን የማውቀው በሠርግ ላይ ብቻ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ የታዘዘው ቀይ ወይን ጠጅ ምላሴን አደረቀውና ክትፎዬን ሳልጨርስ ብርጭቆውን ገፋሁት። አንዷ ባልደረባዬ ስፕራይት ጨምራበት ስትጠጣ ሌላው «ወይን ጠጅ እንዲህ አይጠጣም» ብሎ ተቆጣት። እኔ ደግሞ ብርጭቆዬ ትንሽ በጎደለ ቁጥር «በሞቴ» እየተባልኩ ይሞላልኛል። ጨዋታውን እወደዋለሁ፤ መጠጡንም አልጠላሁትም። ነገር ግን ምን ማዘዝ እንዳለብኝ፣ ከምን ጋር እንደሚጠጣና የት ላይ ማቆም እንደሚገባኝ አላውቅም። ሕ. ነኝ፣ ከአራት ኪሎ።

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ስለ ምላስዎ መድረቅ በጻፉት እንጀምር፤ ብዙ ወጣቶች ከዚያች የመጀመሪያ ጉንጭ ተነሥተው «ወይን ጠጅ አይስማማኝም» ብለው ይደመድማሉና። ምላስዎን ያደረቀው ታኒን የሚባለው ነገር ነው። የሚገኘው ከወይኑ ፍሬ ልጣጭና ዘር ሲሆን፣ ብዙ ቅጠል ገብቶበት ለረጅም ጊዜ የቆየ ሻይ ያለ ስኳር ሲጠጣ አፍን እንደሚይዘው ሁሉ ታኒንም ድድንና ምላስን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። ቀይ ወይን ጠጅ የሚጠመቀው ጭማቂው ከልጣጩ ጋር እንዳለ ስለሆነ ታኒኑ ይበዛበታል፤ ነጩ ግን ጭማቂው ከልጣጩ አስቀድሞ ስለሚለይ ያን ያህል አያደርቅም።

ክትፎ ከቀይ ወይን ጠጅ ጋር መቅረቡ በራሱ ስሕተት አልነበረም። ሥጋውና ቅቤው ታኒኑን ያለዝቡታል፤ ወይኑም በበኩሉ ቅባቱን ከአፍ ያጥበዋል። ችግሩ የሚመጣው ከሚጥሚጣው ነው። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል፤ ታኒኑ ሲታከልበት ደግሞ አፍ በአንድ ጊዜ ይቃጠላልም ይደርቃልም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሚጥሚጣው ለብቻው በዳር እንዲደረግልዎ ይጠይቁና ያንኑ ዓይነት ወይን ጠጅ እንደገና ይቅመሱት። ልዩነቱን ያገኙታል ብለን እናምናለን።

በዚሁ መንገድ ስለ ሌሎቹ ምግቦቻችንም ማሰብ ይቻላል። በርበሬ ለበዛበት ዶሮ ወጥ ወይም ቀይ ወጥ ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ወይን ጠጅ ይሻላል፤ ስኳሩ ቃጠሎውን ያበርደዋል። ለበያይነቱ፣ ለአልጫ፣ ለዓሣ ጉላሽ ቀዝቀዝ ያለ ነጭ ወይም ሮዜ (ሮዝ ቀለም ያለው ወይን ጠጅ) ይስማማል። የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ ሥጋ፣ ጥሬ ሥጋም ቢሆን አዋዜው ካልበዛበት፣ ደረቁን ቀይ ይችለዋል። ይህ ሕግ አይደለም፤ የእርስዎ ምላስ ሌላ ከነገረዎት ምላስዎን ይመኑ።

ጠርሙሱን ሲመርጡ ከመለያ ጽሑፉ ላይ መጀመሪያ መፈለግ ያለብዎ ነገር ደረቅ ወይስ መካከለኛ ጣፋጭ መሆኑን ነው። «ደረቅ» ማለት ስኳሩ በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል ወደ አልኮል ተለውጧል ማለት እንጂ አፍ የሚያደርቅ ማለት አይደለም፤ ነጭ ሆኖ ደረቅ የሆነ ወይን ጠጅ ምላስን ሳይዝ ሊጠጣ ይችላል። ከአገራችን ምርቶች መካከል የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርና አክሱሚት ከእርስዎ በፊት የነበረው ትውልድ ለሠርጉና ለዓመት በዓሉ ሲገዛቸው የኖሩ ናቸው፤ አክሱሚት ጣፋጭ ቀይ ነው። በባቱ፣ ብዙዎቻችን አሁንም ዝዋይ በምንለው ከተማ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የተተከለው የካስቴል የወይን እርሻ ደግሞ የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነበር። ከዚያ የሚመጣው አካሺያ ደረቅም መካከለኛ ጣፋጭም ሆኖ ይገኛል። ሪፍት ቫሊ የሚባለው ግን በወይኑ ዘር ስም፣ ማለትም ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ እየተባለ ይሸጣል። ለጀማሪ የምንመክረው ከመካከለኛ ጣፋጩ ጀምሮ ወደ ደረቁ ቀስ በቀስ መሻገርን ነው። ከቀዮቹም መካከል ሜርሎ ብዙ ጊዜ ከካቤርኔ ሶቪኞን ይልቅ ለስለስ ያለ ነው።

ስፕራይት ስለ ጨመረችው ባልደረባዎ ደግሞ የተቆጧት ሰው ተሳስተዋል። በስፔን ቀይ ወይን ጠጅን ከኮካ ኮላ ጋር ቀላቅሎ መጠጣት የታወቀ ሲሆን ካሊሞቾ ይባላል፤ በበጋ ወራትም ከሎሚ ለስላሳ ጋር ይጠጡታል። ወይን ጠጅ ለረጅም ዘመናት ከማዕዳቸው ያልተለየ ሕዝቦች ያላፈሩበትን እኛ የምናፍርበት ምክንያት አይታየንም። የምናሳስባት ነገር ግን አለ፤ ይኸውም የለስላሳው ስኳር የአልኮሉን ስሜት ስለሚሸፍን ሳይታወቅ ቶሎ ቶሎ እንዲጠጣ ያደርጋል፤ በዚህ ላይ ጥሩ ዋጋ የተከፈለበት ጠርሙስ ጣዕሙ ሳይታወቅ ያልቃል። የሚያስፈልጋት ጣፋጭነት ከሆነ ከመጀመሪያው መካከለኛ ጣፋጩን ብታዝዝ ይሻላታል። ማቅጠን ከሆነም የአምቦ ውኃ ስኳር ሳይጨምር ያንኑ ያደርግላታል።

ስለ ቅዝቃዜው ጥቂት ማለት እንፈልጋለን፤ በከተማችን ምግብ ቤቶች ውስጥ ከሁሉ የሚያሳዝነን ይህ ነውና። «ቀይ ወይን ጠጅ በክፍሉ ሙቀት ይቅረብ» የሚለው አባባል የመጣው ቀዝቃዛ ቤት ከነበራቸው አገሮች ሲሆን፣ የታሰበው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ነው። በቅርቡ ፒያሳ በሚገኝ አንድ ምግብ ቤት የቀረበልን ጠርሙስ የወረደው ከቡና ማሽኑ በላይ ካለ መደርደሪያ ነበር፤ በእጃችን ስንዳስሰው ለብ ብሏል። ስንቀምሰው አልኮሉ አፍንጫን ይወጋል፤ የፍሬው ሽታ ግን ከነጭራሹ የለም። አስተናጋጁን በትሕትና ስንጠይቀው በፕላስቲክ ባልዲ በረዶና ውኃ ይዞ መጣና ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ነከረው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተን እንደገና ስንቀዳው መውጋቱ ቀርቶ እንደ እንጆሪ ያለ ሽታ ከብርጭቆው ወጣ፤ አስተናጋጁም በጥቂቱ ቀምሶ «ሌላ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። እርስዎም ይህን ከመጠየቅ አይፈሩ። ነጭና ሮዜ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይጠጣሉ፤ ከማቀዝቀዣው ወጥተው አሥር ደቂቃ ቢቆዩ ይበቃቸዋል።

ብርጭቆው እስከ ሲሶው ብቻ ይሞላ። የብርሌን አንገት ያጠበቡት ሰዎች የሚያውቁትን ነገር የወይን ብርጭቆ ሠሪዎችም ያውቁታል፤ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ ዕቃ ሽታውን ሰብስቦ ይይዛል። እስከ አፍ ከተሞላ ግን ለሽታው የሚሆን ቦታ አይኖርም።

አሁን ወደ «በሞቴ» እንምጣ፤ የደብዳቤዎ ዋነኛ ጥያቄ ይህ ይመስለናልና። በአገራችን እንግዳን አጥብቆ መለመን የፍቅር ምልክት ነው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለን ሁለተኛውን እናጎርሳለን። የጉርሻን ሥርዓት ወደ ብርጭቆ ማዛወር ግን አይገባም፤ እንጀራው ቢበዛ ሆድ ራሱ «በቃኝ» ይላል፣ አልኮል ግን በዛ የሚለውን የሰው አእምሮ አስቀድሞ ያደክመዋል። አንድ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 150 ሚሊ ሊትር የሚይዙ አምስት ብርጭቆዎች ይወጡታል። አልኮሉ 12.5 በመቶ ከሆነ በአንዱ ብርጭቆ ውስጥ 15 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ፤ ይህም 5 በመቶ አልኮል ካለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ትንሽ ይበልጣል። ጉበት ይህን አንድ ብርጭቆ ለማስወገድ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሳያልቅ የሚሞላ ብርጭቆ ትልቁ ጉዳቱ ቆጠራውን ማጥፋቱ ነው፤ ሦስት ጊዜ «ትንሽ ብቻ» የተጨመረለት ሰው አንድ ብርጭቆ እንደጠጣ ያስባል፣ የጠጣው ግን ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል።

«አልፈልግም» ማለት በእኛ ባህል የሚያስቀይም ከመሰለዎት የሚያስቀይም ያልሆነውን ቃል ይጠቀሙ። ብርጭቆዎን በመዳፍዎ ከደን አድርገው «ኑርልኝ፣ ይቆየኝ» ይበሉ። «በሞቴ» ላለ ሰው ዕድሜ መመረቅ የሚያስከፋው የለም፤ «ይቆየኝ» ማለትም ማዕዱን አለመተው ነው። ውኃ ከወይኑ ጎን ይኑር፤ አንድ ጉንጭ ከዚህ አንድ ጉንጭ ከዚያ ማለቱ ጨዋታውን አያቋርጥም። ምግብ ሳይቀምሱ መጀመርንም ይተዉ፤ በባዶ ሆድ የገባ አልኮል በፍጥነት ወደ ደም ይገባል። የሴቶች ሰውነት በአማካይ ያለው የውኃ መጠን ከወንዶች ስለሚያንስ ያው አንዱ ብርጭቆ በደማቸው ውስጥ ይበረታል፤ ስለዚህ ሴት ከሆኑ ከወንዶቹ ባልደረቦችዎ እኩል ለመጠጣት አይሞክሩ። ከምሳ በኋላ የሚታዘዘው ማኪያቶ የሚያነቃ እንጂ አልኮሉን የሚያስወግድ አይደለም፤ መኪና ያለው ሰው ማኪያቶውን ጠጥቶ መሪ እንዳይጨብጥ፣ የራይድ ወይም የፈረስ ታክሲ ይጥራ። ሜትሮኒዳዞልን የመሰለ ከአልኮል ጋር የማይወሰድ መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ በዚያ ቅዳሜ የሚጠጡት የአምቦ ውኃ ብቻ ይሁን።

አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንንገርዎ። «አንድ ብርጭቆ ቀይ ወይን ለልብ ይጠቅማል» የሚለውን ከብዙ ሰዎች ሰምተው ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቀው ለጤና ፍጹም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም፤ አልኮል ለካንሰር ከሚዳርጉ ነገሮች መካከልም የተመደበ ነው። ስለዚህ ወይን ጠጅን መድኃኒት ነው ብለው አይጠጡት። ለጣዕሙና ለወዳጅነቱ ብለው፣ ጥቂት፣ አልፎ አልፎ የሚጠጡ ከሆነ የሚያደርጉትን አውቀው ያደርጉታል። ጨርሶ ቢተዉትም ከጨዋታው የሚቀንስብዎ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ በሚገኘው ቤቴ ስምንት ጓደኞቼን ለእራት ልጠራ አስቤአለሁ። ሁለቱ አልኮል አይጠጡም። ስንት ጠርሙስ ልግዛ? የተረፈውስ ይበላሻል? ዳ.

መልስ፦ ለሚጠጡት ስድስት እንግዶችዎና ለእርስዎ ሁለት ሁለት ብርጭቆ ቢታሰብ 14 ብርጭቆ፣ ማለትም ሦስት ጠርሙስ ይሆናል። አራተኛውን አይግዙ፤ በቤት ውስጥ ያለ ጠርሙስ ሁልጊዜ ይከፈታል። ለሁለቱ የማይጠጡ ጓደኞችዎ የአምቦ ውኃ በሎሚ፣ ካርካዴ በዝንጅብል ወይም የወይን ጭማቂ አዘጋጅተው እንደ ሌሎቹ በእግራም ብርጭቆ ያቅርቡላቸው፤ «ለምን አትጠጣም?» የሚል ጥያቄ ግን ከማንም አፍ እንዳይወጣ አስቀድመው ይጠንቀቁ። ምክንያቱ ሃይማኖት ይሁን፣ ሕክምና ወይም የግል ውሳኔ፣ ለማዕድ የሚነገር ጉዳይ አይደለም። ከእንግዶችዎ መካከል ዕድሜው 21 ዓመት ያልሞላው ካለ ደግሞ ለእርሱም ከዚሁ ይቅዱለት፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜያቸው ከዚያ በታች ለሆነ ሰዎች አልኮል መሸጥ የተከለከለ ነው።

ቡሹን ሲነቅሉ ጠምዛዛውን ብረት መካከሉ ላይ ቀጥ አድርገው ያስገቡ፤ በጎን ከገባ ቡሹ ይሰበራል። ቢሰበርም ፍርፋሪውን በንጹሕ የሻይ ማጥለያ አጥልለው መቅዳት ይችላሉ። ወይኑ እርጥብ ካርቶን የሚመስል ሽታ ካለው ግን ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ቡሹ ያበላሸው ነውና ለሸጠልዎ ሰው ይመልሱት። የተረፈውን በራሱ ቡሽ ግጥም አድርገው ዘግተው፣ ቀዩም ቢሆን፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል። ከዚያ በኋላ አየርና ባክቴሪያ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ይለውጡታል። ሳይኮመጥጥ ጥቂት ከተረፈዎት ለጥብስ ሽንኩርቱ ሲቀላ ጠብ አድርገውበት እስኪመጠጥ ያብስሉት።